ዶልፊኑ የማን ነበር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ ኮምፒውተርን በንባብ ቀደምኩት። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት፣ አይሰረዝም።

እሺ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። ቢሆንስ? መብራት ሲጠፋ እሱ ድርግም አለ፤ እኔ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ እስከ መጨረሻው ዘለቅኩት። ሚስቴ ሳባ ሳቀች። አብሯት የሚሠራው ኢ/ር ናሆምም ሳቀ። የእሱን ሳቅ ማን ጠየቀው?

ደብተር፣ ተቀየምሽኝ መሰለኝ። ሰሞኑን ጠፋሁብሽ። የገለምሶ ገበያ ነው ያጠፋኝ። ጆንያን ከመኪና ማገናኘት ቀላል እንዳይመስልሽ። በጭሮ መናኸሪያ እኔን የሚያህል የጭነት ደላላ የለም። (ሁለት ነን። ሌላው ታሟል።)

ከሥራ በኋላ ሳባ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮ ስልሽ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። ሚስቴን ኮምፒውተር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማለት የኮሌጁን ከፈልኩ፤ የቀረውን እሷ ተማረች። አሁን ከናሆም ጋር ሆነው ለትራንስፖርት ማኅበራችን ድረ ገጽ ይሠራሉ። ክብደቱንና መድረሻውን ስትነግሪው የጭነቱን ዋጋ ይነግርሻል። የእኔን ሥራ ማለት ነው። ይሁን፣ በዚያ ገና አልተናደድኩም። ንዴትም ተራ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋጋውን ደንብ የሚያወጣው ተራ አስከባሪው ኦቦ አህመድ ነው። ዝናብ ሲጥል ይለውጠዋል። መንገድ ሲበላሽ ይለውጠዋል። ሲከፋውም ይለውጠዋል። በለወጠው ቁጥር ፕሮግራመር ፍለጋ አይሮጥም፤ ራሱ በስልኩ ይጽፋል፦ «ክብደት ከ50 ካለፈ፣ ዋጋ ሲደመር 20»። ድረ ገጹ ያንን አንብቦ ማስላት አለበት። አንባቢውን ክፍል እነ ሳባ ከባዶ አይሠሩትም። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት አለ፣ «ላይብረሪ» ይሉታል። ገዝተሽ የምትገጥሚው ሞተር በይው።

ሁለት ሞተር አላቸው። አንዱ ይመረጣል። ስማቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የማታ ት/ቤት የጨረስኩት በአማርኛ ነው። ስለዚህ የመናኸሪያ መኪና ስም አወጣሁላቸው።

አንዱ ቅጥቅጥ። ወዲያው ይነሣል፣ ግን በየመንደሩ ይቆማል። ደንቡ በመጣለት ቁጥር እንደ አዲስ ፊደል በፊደል ያነበዋል። ባለፈው ክረምት፣ ማንበብ ስጀምር፣ እኔ አነብ እንደነበረው።

ሌላው ዶልፊን። ዶልፊን ሳይሞላ ከመናኸሪያ አይወጣም አይደል? ይኼም መጀመሪያ ላይ ይዘገያል። ደንቡን አንዴ ያነበዋል፣ ወደ ራሱ ቋንቋ ገልብጦ ይይዘዋል። ያው ደንብ ሲመለስ ግን አያነብም፣ ይበራል።

የቱ ይፈጥናል? ጭቅጭቁ ሁሉ ይኸው ነው። ገለምሶ ገበያ ላይ ስልኩ ቆሞ ካሰበ ጆንያው ይከመራል፣ ጫኝና አውራጁ ይጮኻል፤ እሱስ እውነት ነው። የሚያስቅ ነገር ግን አይታየኝም። እነሱ ይስቃሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት፣ 11 ሰዓት

ናሆም የድሬዳዋ ልጅ ነው። የድሬ ሰው «እርስዎ» አያውቅም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚለው። ኦቦ አህመድን እንኳ፣ ያንን ነጭ ጢም ፊት ለፊት እያየ፣ «አቦ አንተ ሰውዬ፣ ደንብህን አሳጥረው እንጂ!» አለው። ኦቦ አህመድ ደግሞ ወደደው።

እኔን ምን አለኝ? «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ይቀመጡ።»

እርስዎ! እኔን! ዛሬ ጠዋት ተላጭቼ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ። ሳባ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ግድግዳ ዞረች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም።

ሥራ ሰጡኝ። ደንብ መጻፍ። ሐሳቡ የሳባ ነው። እኛ የምንጽፈው ንጹሕ ነው፣ መፈተን ያለብን ግን የመናኸሪያ ሰው እንደሚጽፈው ነው አለች። ከመናኸሪያ ሰው ጽሕፈቱ ትኩስ የሆነ ማን አለ? ኮራሁ። ክራቫት ቢኖረኝ አስር ነበር።

አሠራሩን ናሆም አስረዳኝ። የሰው ስም አይገባም። የአንድ ጆንያ ኪሎ አይገባም። «ክብደት» ብቻ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ቁጥሩን ማሽኑ በየጆንያው ይሞላዋል። አንድ ደንብ ለሺህ ጆንያ። ያኔ ዶልፊኑ አንዴ ገልብጦ ቀኑን ሙሉ ይጋልባል። ገባኝ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲነገረኝ አልወድም። እሱ ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ ያውም በእርስዎ።

ቅዳሜ የማኅበሩ ኮሚቴ ይሰበሰባል። የናሆም ምርጫ ከፈጠነ ሥራው ጠቅልሎ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ እሱ ቢሮ ይሄዳል። ሳባም ከቀጠለች እዚያ ሄዳ ነው፣ በእሱ ሥር። የሳባ ምርጫ ከፈጠነ ሥራው እዚሁ ጭሮ ይቀራል፤ እሷ ኃላፊ ሆና ገለምሶ፣ ቦርደዴ፣ አሰቦት ትተክለዋለች።

የቱ የማን ምርጫ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዓይን አለኝ። ናሆም ቀኑን ሙሉ ዶልፊኑ ላይ ነው። ሳባ ቅጥቅጡ ላይ ናት። እኛ ዘንድ መኪና የሚጠራው መሪውን በያዘው ነው። የከድር መኪና እንላለን፤ ከድር ሹፌር ነው፣ ባለቤቱ ሐረር ይኑር ጅግጅጋ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ናሆም ሃልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ይዞላት መጣ። ከድሬ። ካርቶኑን መሐል አድርገው በሉ። ለእኔም ሰጠኝ። በላሁ። ይጣፍጣል፣ ያ ነው ያበሸቀኝ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ሊያሳያት እጇን ያዘ። ያዘና አልለቀቀም። ሳባም አልነጠቀችውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠዋት

የትናንቱን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። «እጇን ያዘ» የሚለው ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ።

ደብተር፣ ይኼ ጽሑፍ የሚሉት ነገር መጥፎ ነው። አንቺን አይደለም። ድሮ የቀናሁ እንደሆነ ማታ ተኝቼ ጠዋት ይለቀኝ ነበር። አሁን ጠዋት ስገልጥሽ እዚያው አለ። ትናንት ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ያውም በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ አምሮበት።

ቁርስ ላይ ሳባ ስለ ሚሊ ሰከንድ አጫወተችኝ። አንዲት ሰከንድ ሺህ ቦታ ትቆረጣለች፣ አንዷ ቁራጭ እሷ ናት። በዚያች ነው የሚፎካከሩት። አንድ ደንብ ብቻውን ቢሆን ልዩነቱን ማንም አያየውም፣ ጆንያው ሲበዛ ነው የሚጠራቀመው አለች። ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራል። ስለ እኔ ስታወራ ዓይኗ የበራው መቼ ነው? ሠርጋችን ላይ። ያኔም የቪዲዮ ቀራጩ መብራት ነበር።

ስለ እጇ ልጠይቃት አልኩ። ጨው አቀብይኝ አልኩ።

ያው ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

ወሰንኩ። ዶልፊኑን አቆመዋለሁ።

ናሆም ያስረዳኝን ገለበጥኩት። አንድ ደንብ ለሺህ ጆንያ ነው ያለው? እኔ ለእያንዳንዱ ጆንያ የራሱን ደንብ። «የፋጡማ ጆንያ 52 ኪሎ ከሆነ ዋጋው ይኸ ነው።» «የጫላ ጆንያ 53 ኪሎ ከሆነ ዋጋው ይኸ ነው።» ዶልፊኑ ገልብጦ የያዘው ደንብ ተመልሶ አይመጣለትም። ሁልጊዜ አዲስ። ሁልጊዜ ወደ መናኸሪያ ተመልሶ እንደገና መሙላት። ቅጥቅጡን ምን ይጎዳዋል? እሱ ድሮም በየመንደሩ ቋሚ ነው።

ሳባ በሰጠችኝ ታብሌት ላይ ጣቴ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ። ከማታ ት/ቤት ጀምሮ ይኼን ያህል ጽፌ አላውቅም። መምህራችን ቢያዩኝ ያለቅሱ ነበር። በደስታ ነው የምልሽ።

ናሆም በአጠገቤ ሲያልፍ «በርቱ ጋሼ» አለኝ። በርትቻለሁ፣ ታያለህ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ረፋድ

ሳባ ደንቦቼን አየች። ግንባሯን ቋጠረች። «ታዴ፣ መናኸሪያ ውስጥ እውነት እንዲህ ነው የሚጻፈው?»

«እንዲህ ነው» አልኩ።

ፊቴን አየች። አመነችኝ። ይችን ለብቻዋ ልጻፋት፦ አመነችኝ።

ናሆም ትንሽ ተከራከረ፤ ይኼ ደንብ አይደለም፣ ደረሰኝ ነው አለ። እሷ አይ፣ ባለቤቴ መናኸሪያውን ያውቀዋል ብላ ዘጋችው። ባለቤቴ ስትል ደረቴ በአንድ ጣት ሰፋ። ማሽኑ የእኔን አጻጻፍ ይዞ ስሙንና ኪሎውን እየቀያየረ አባዛው፣ የአንድ ትልቅ የገበያ ቀን ጭነት እስኪሆን። ሙከራው ተጀመረ።

ቅጥቅጡ እየተንገጫገጨ ሄዶ ደረሰ። ዶልፊኑ... ደብተር፣ ብታይው! የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ገልብጦ የያዘውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት አጣ፣ ማኅደሩ ሞላ፣ ጭራሽ እየባሰበት ሄደ። ቅጥቅጡ ደርሶ ተሳፋሪ ካራገፈ በኋላ እንኳ ገና መንገድ ላይ ነው። ናሆም ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። አሁን ተገቢውን ነገር ያዝክ አልኩ፣ በሆዴ።

ወደ ቤት እያፏጨሁ ሄድኩ። ለሳባ ሙዝ ገዛሁላት።

ያው ሐሙስ፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል

ሙዙን አልነካችውም።

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምን ሆንሽ አልኩ። ዶልፊኑ ተሸነፈ አለች። ታዲያ ምን አለበት፣ የእሱ አይደል አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

ዶልፊኑ የእሷ ነበር።

ገና ሲጀምሩ ነው የተስማሙት። ማንም ለራሱ እንዳያዳላ ተለዋውጠው ይፈትናሉ። የእሷን ምርጫ እሱ ይነዳል፣ የእሱን እሷ። ናሆም ጭንቅላቱን የያዘው ለእሷ አዝኖ ነው። ቅጥቅጡ ነው የእሱ።

መሪ የያዘውን አየሁ፣ ባለቤቱን አልጠየቅኩም። በደላላነት ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን አልጠየቅኩም፣ አንድም ቀን አልተጎዳሁም።

ቅዳሜ ለኮሚቴው የናሆም ፈጠነ ብላ ልትናገር ነው። ሥራው ድሬ ይሄዳል። እሷም ትሄድ እንደሆነ ታስባለች፣ ገና አልወሰነችም። አልተነፋረቀችም። እንዲህ ብቻ አለች፦ «አንተ የጻፍከው እውነተኛው ነው። እኔ ነኝ የመናኸሪያውን ሰው ያላወቅኩት።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሙዝ ጎረስኩበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል። ጠዋት

ከተማው በጢስ ታፍኗል። ሁሉም ቆሻሻውን ደጁ ላይ ያነዳል። ማክሰኞ የጻፍኩትን ገጽ ብቻ ቀድጄ ልጨምርበት ብዬ ይዤሽ ወጣሁ። አልቻልኩም። የመጀመሪያ ደብተሬ ነሽ።

መናኸሪያ ሄድኩ። ኦቦ አህመድን በዘወርዋራ ጠየቅኩት፤ አንድ ሰው አለ፣ ለእያንዳንዱ ጆንያ ደንብ የሚጽፍ። ጢሙ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ወላሂ እብድ ነው! ደንብ የማወጣው ለፋጡማ ብቻ ነው እንዴ? ነገ ጫላ ሲመጣ ምን ልለው ነው?» ከዚያ ሳቁን አቆመና አተኩሮ አየኝ። «ታደሰ፣ ሰውየው አንተ ነህ?»

የሌለ ጭቃ ከጫማዬ አራገፍኩ።

ምክሩ አጭር ነው። ሂድና ራስህ ንገራት። ከሌላ ሰው ከሰማችው ግን ጭነትህን የሚያነሣልህ መኪና ከጭሮ እስከ አሰቦት አታገኝም አለኝ። እሱ ተራ ሲያስከብር ውሸት አያውቅም።

ዓርብ፣ 7 ሰዓት

ነገርኳቸው። ሁለቱም ባሉበት፣ ቆሜ። መቀመጫ ነበር፣ አልተቀመጥኩም።

መጀመሪያ የተናገረው ናሆም ነው። «አቦ! አንተ ሰውዬ አብደሃል እንዴ!»

አንተ አለኝ። በመጨረሻ። ሰው ሲሰደብ እንዴት ደስ ይለዋል? ለአፍታ ደስ አለኝ።

ሳባ ግን አልጮኸችም። ለምን ብላ ብቻ ጠየቀች። እጅሽን ስለያዘ አልኩ። ናሆም ከወንበሩ ተነሣ። ሳባ በእጇ አስቀመጠችው፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል።

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ጽፌዋለሁ። ደብተሬ ላይ አለ።»

«የጻፍከው አንተው አይደለህም?»



ውጣ አላለችኝም። ታብሌቱን ከፊቴ አንሥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች፣ ወደ ኦቦ አህመድ። ናሆም ተከተላት። እኔ ከማራገቢያው ጋር ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከሰዓት

ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔም ገባሁ፣ ከኋላ፣ በር አጠገብ፣ ለመሮጥ እንዲመች።

በኦቦ አህመድ ደንብ እንደገና ፈትነውታል። የመጀመሪያውን ጭነት ቅጥቅጡ ቀደመ። ከዚያ ወዲያ ዶልፊኑን ማን ያየዋል፤ አቧራው ብቻ። ሳባ በዚህ አላበቃችም። የእኔንም ሙከራ አሳየቻቸው፣ ዶልፊኑ የተሸነፈበትን፣ ሳትደብቅ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም አለች። ስለዚህ ድረ ገጹ ደንብ ውስጥ የሰው ስም ካየ እንዲመልሰው አድርገዋል፤ ተገልብጦ የሚያዘውም ልክ ተበጅቶለታል፣ ሲሞላ አሮጌው ይወርዳል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ስትል ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ስሜን አልጠራችም። ብትጠራኝ ይሻለኝ ነበር።

የእሷ ተመረጠ። ሥራው ጭሮ ይቀራል። መጀመሪያ ያጨበጨበው ናሆም ነው። የእሱ ምርጫ ወድቆ፣ ከልቡ ሲያጨበጭብ አየሁት። እኔ ብሆን አላደርገውም፣ በዚህም ቀናሁበት።

ከዚያ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ጨበጠችው። አጭር ነበር። ሳያት ልቤ ምንም አላለም። ገረመኝ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ እሑድ እጽፈዋለሁ፣ አሁን አልችልም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት፣ 10 ሰዓት

ሳባ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው። ነገ ገለምሶ። ከዚያ ቦርደዴ፣ ከዚያ አሰቦት። ጥቂት ሳምንት። ጋቢና እይዝልሻለሁ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። የከድርን መኪና ይዣለሁ አለች። ብቻዬን ነው አለች። ሚስቱን ሌላ ሰው ያሳፈረለት የመጀመሪያው የጭሮ ደላላ እኔ ነኝ። ለዚህም አንደኛ።

ናሆም ትናንት ማታ ወደ ድሬ ሄደ። መናኸሪያ መጥቶ ፈለገኝ። የቀረውን ሃልዋ ሰጠኝ፣ «እንካ፣ አንተ ቀናተኛ» ብሎ። መኪናው ተነሣ። ሃልዋውን እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ቁርስ ላይ ሳባ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከጨውና ከቁልፍ ሌላ የተናገረችኝ ይኼን ብቻ ነው። «ከመሄዴ በፊት ማክሰኞን አሳየኝ።»

አሳያታለሁ። ወስኛለሁ። ገጹን አልቀድም፣ አልሰርዝም። እንዳለ አሳያታለሁ፣ ከእሱ ቀጥሎ ይኼን እንድታነብ ደግሞ እዚህ ድረስ እገልጥላታለሁ። ግን እሷ ከማንበቧ በፊት አንቺ እወቂው፤ የዋሸሁት መጀመሪያ አንቺን ነው።

ማክሰኞ ዕለት ናሆም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ግን ወደ ማውሱ ነው። ሳባ ማውሱን ለቀቀችለትና እጇን ሰበሰበች፣ ሃልዋ የነካ ጣቷን በመሐረብ ጠረገች። በቃ። ይኸው ነው። እኔ ያን ቀን ቁጭ ብዬ ስጽፍ፣ ቅናቴ ትልቅ፣ ያየሁት ነገር ትንሽ ሆነብኝ። እኩል ላደርጋቸው አልኩ። ደላላ ነኝ፤ ጭነቱ ሲጎድል ሞልቼ ነው የማስነሣው።

ረቡዕ ጠዋት ሳነበው ሌላ ሰው አይቶ የነገረኝ መሰለኝ። ያመንኩት የራሴን እጅ ነው፤ ቅዳሜ በእውነት ሲጨባበጡ ልቤ ምንም ያላለው ለዚህ ነው፣ ያቃጠለኝ የጻፍኩት እጅ ነበር።

የቀረው ሁሉ እውነት ነው። እርስዎ ማለቱም። ሃልዋው መጣፈጡም። ኮምፒውተሩንም ቀድሜዋለሁ፣ መብራት ስለመጥፋቱ ነግሬሻለሁ። እጇን ግን አልያዘም። እጇን እኔ ነኝ የጨመርኩት።